የአበባው ሰባት ቤት

በዓለም ላይ ብዙ ታላላቅ ጉባኤዎች ተካሂደዋል፤ ሪያድ፣ መንሱራ ሰፈር፣ ከጎማ ጠጋኙ በላይ፣ በጋሽ ፈይሰል ሳሎን የተካሄደውን የሚያህል ግን የለም። ሌሎቹ ቢበዛ ጦርነት አስቁመዋል፣ ድንበር አካለዋል። የጋሽ ፈይሰል ሳሎን ግን ለአንዲት ልጅ ጋብቻ ተሰብስቦ፣ ጀርመንና ሆላንድ አበባን የሚጠሩበት ቃል ከማን እንደተወለደ ሳያጣራ ላለመነሣት የቆረጠ ጉባኤ ነው። እንዲህ ያለ ቁርጠኝነት በየትም አልታየም። ልጅቷ ኢልሃም ትባላለች። ጉባኤው ስሟን ለማንሣት ጊዜ ስላልነበረው ነው እኛ የምናነሣው።

ኢልሃም ይመር የከሚሴ ልጅ ናት። ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። መዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትለቃታለች፤ ኢልሃምም መግሪብ ሳይደርስ ትመለሳለች። አሁን ኮንትራቷ አልቆ ኸሩጅ፣ የመውጫ ቪዛዋ፣ ተመትቶላታል፤ ረመዳን ሳይገባ ተሳፍራ አገሯ ትገባለች። አገሯ ደግሞ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ይጠብቃታል። ሰውየው ጺሙን ሒና ይቀባል፣ ዕድሜው ከአባቷ እኩል ነው፣ ሽማግሌም ልኳል። አባቷ ይመር በእናቷ በኩል የላኩባት ቃል አጭር ነበር፦ «ሪያድ አለ የምትለው ልጅ በወጉ ሽማግሌውን ይላክ። ያገራችንን ልጅ ፈይሰልን ወክያለሁ። እስክትሳፈር እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቃሌን ለነጋዴው እሰጣለሁ።»

ሪያድ ያለው ልጅ ጀዋር ነው። ሰናኢያ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር የላስቲክ አበባ ፋብሪካ ይሠራል፤ ከማሽን የሚወጣውን ጽጌረዳ ከግንዱ ጋር ይገጥማል። ኢልሃምን ያወቃት አውቶቡስ ስትጠብቅ ነው፤ ፀሐይ መትቷት ሲያይ ካርቶን ቆርጦ ጥላ ሰጣት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ማሰብ አቃታት። 

ጀዋር ሪያድ ላይ ዘመድ ስለሌለው ሽማግሌዎቹን ከሚኖርበት ሰፈር ከዐዚዚያ ሰበሰበ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ዶክተር ታምራት ናቸው። የዶክተርነት ማዕረጋቸውን ያገኙት በአንድ የእንስሳት ሕክምና በር ላይ ሐሪስ፣ ዘበኛ፣ ሆነው ሲሠሩ ነው፤ ግመል ጭነው የሚመጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያገኙት እሳቸውን ስለነበረ «ያ ዶክቶር» ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ሰው ላለማስቀየም እሺ አሉ። ሁለተኛው ሐጂ ሸምሱ ናቸው፣ የካምፕ ወጥ ቤት። ሦስተኛው ጋሽ ሰማው፣ የጎጃም ሰው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሦስቱም ጀዋርን «የሰናኢያው ልጅ» ይሉታል። ጎበዝ ልጅ መሆኑን ሁሉም መስክረውለታል፤ ሻይ ያፈላል፣ ተራውን ጠብቆ ገላውን ይታጠባል።

የጀዋር ጥፋት አንድ ብቻ ነው። ዘመናዊ ልሁን አለ። በስልኩ እንዳየው ሽማግሌ ባዶ እጁን ከሚሄድ አበባ ይዞ ቢሄድ ያምራል ብሎ፣ ከፋብሪካው ቀይ የላስቲክ ጽጌረዳ በካርቶን አድርጎ ለዶክተር ታምራት አስያዛቸው። ራሱ እንደ ወጉ አልገባም። ከታች ሻይና ሳንድዊች የሚሸጥበት ቡፊያው ጋ ቆመ።

የመጀመሪያው ዓርብ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ተደረደሩ። ጋሽ ፈይሰል በልካቸው ያልተሰፋ ኮት ለብሰው ወጡ።

«ግቡ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንገባም» አሉ ዶክተር ታምራት።

«እሺ ጉዳያችሁ?»

«ቁመን ነው የምንናገረው።»

«ቶሎ ተናገሩት በሞቴ» አሉ ጋሽ ሰማው ጉልበታቸውን ይዘው።

ኢልሃም ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከጋሽ ፈይሰል ሚስት ከእትዬ ዘኪያ ጋር፣ ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች። «አብሽሪ» አለቻት ዘኪያ፣ «ይህ ሁሉ ወግ ነው። አሁን 'ልጃችሁን ለልጃችን' ይላሉ፣ የሱ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ ያንቺ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ ዝምድና ከሌለ ኸላስ።» ወሎ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም ሰባት ቤት ሳይቆጥር ልጅ አይሰጥም። ኢልሃምም ይህን ስለምታውቅ ልቧ ተረጋጋ። ምስኪን።

ዶክተር ታምራት ጉሮሯቸውን ጠርገው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ የጋሽ ፈይሰል ዓይን ካርቶኑ ላይ ዐረፈ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አበባ ነው።»

«በማን ወግ ነው ለሽምግልና አበባ የሚመጣ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሸምሱ ቀልጠፍ ብለው ካርቶኑን አዞሩት፤ ፋብሪካው ወደ አውሮፓ የሚልከው ስለሆነ አበባ የሚለው ቃል በጎኑ ላይ በብዙ ቋንቋ ተጽፏል። የሆላንዱ ብሉም፣ የጀርመኑ ብሉመ፣ የስዊድኑ ብሎማ፣ እንደ አንድ ቤት ልጆች ተደርድረዋል። «በአውሮፓ ወግ ነው» አሉ ሸምሱ።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ፈይሰል ያን ታሪካዊ ቃል የተናገሩት። «በጋብቻ ምክንያት ወደዚህ ቤት የሚገባ ማንኛውም ነገር» አሉ ጣታቸውን አንሥተው፣ «ሰባት ቤቱ ሳይቆጠር አይገባም። እኔ የተወከልኩ ሰው ነኝ። ነገ ይመር 'ዘሩ ያልታወቀ ነገር አስገብተህ' ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

አስተዋይ ሰው ቢኖር እዚህ ላይ ይስቅ ነበር። ግን እዚያ በር ላይ አስተዋይ ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ዶክተር ታምራት እንዲያውም ፊታቸው በራ። የልጅ ዘር ለመቁጠር ልጁን መጠየቅ ይበቃል፤ የቃል ዘር ለመቁጠር ግን ምሁር ያስፈልጋል። «ጥያቄው ተገቢ፣ ወቅታዊና መሠረታዊ ነው» አሉ። «ለሚቀጥለው ዓርብ ጥናት ይዘን እንቀርባለን።»

አበባውም ዘሩ እስኪጣራ ደረጃው ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ እንዲቆይ ተወሰነ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው እንደሚቆይ ሁሉ፣ አለ አይባል የለም አይባል፣ ደጅ ላይ አቧራ እየጠጣ ከረመ።

ሁለተኛው ዓርብ ጉባኤው በሞቀ መንፈስ ተጀመረ። ቃላቱ ወንድማማች መሆናቸው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ የቀረው ታላቁ የትኛው ነው የሚለው ነበር። ምክንያቱም ዘር የሚቆጠረው ከታላቅ ነው።

«ታላቁ ሆላንዱ ነው» አሉ ሸምሱ። «ካምፓችን አንድ የሆላንድ መሐንዲስ ነበረ፤ የኔን የምስር ሾርባ የሚወድ። እንደዚያ ያለ ጨዋ ሰው አይቼ አላውቅም። የሱ ቃል ታናሽ አይሆንም።»

«የሾርባ ነገር ማስረጃ አይሆንም!» አሉ ጋሽ ፈይሰል። እሳቸው የከፊላቸውን፣ የአሠሪያቸውን፣ የጀርመን መኪና እየነዱ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። «ጀርመን እንዲያ ያለ ሞተር ሠርቶ ቃል ከሆላንድ ይዋሳል? ወላሂ አላምንም።»

«እህቴ ስዊድን ናት» አሉ ጋሽ ሰማው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው በቁጣ። «ስዊድን ዝም ስላለ ብቻ አትርገጡት!»

«ማን ረገጠው?»

«አሁን እርስዎ ረገጡት!»

«እህትዎ አበባ ትሸጣለች?»

«አረጋውያን ትጠብቃለች። ግን እዚያ ናት!»

አንድም ቀን ጀርመንን ያልረገጡ፣ ሆላንድን በወተት ቆርቆሮና በአንድ መሐንዲስ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ስለ ሩቅ ሰዎች ዘር እንዲህ ደም ሥራቸው ሲገታተር ማየት ያኮራል። አገር ቤት በሚያውቁት ዘር ተጣልተው የወጡ ናቸውና፣ እዚህ በማያውቁት መጣላታቸው እንደ እድገት ይቆጠርላቸው። ዶክተር ታምራት ሸንጎውን አረጋግተው፣ ሦስት ንዑስ ኮሚቴ አቋቁመው፣ ሁሉንም ራሳቸው ሊመሩ ተስማሙ። ኢልሃም ሻይ ይዛ ገብታ ወጣች። ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

ደረጃው ላይ ከጀዋር ጋር ተገናኙ። ከጁምዓ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ምን ላይ ደረሱ?» አላት።

«ጀርመን ላይ ናቸው።»

«ወደ እኛ መቼ ይመጣሉ?»

«መጀመሪያ ስዊድንን ማለፍ አለባቸው።»

ጀዋር አበባውን አየው፣ አቧራውን በእጁ ጠረገለት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ባዶ እጃቸውን ብልካቸው ይሻል ነበር።»

«ባዶ እጃቸውንስ ቢመጡ ጭንቅላታቸውን ይዘውት ይመጡ አይደል?» አለች ኢልሃም። ከዚያ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ጀዋር፣ ፈራሁ። ትኬቱ እጄ ላይ ነው።»

«ኢንሻአላህ ይደርሳል።»

«እስቲ ሰባት ቤትህን ንገረኝ» አለችው ድንገት።

«ለምን?»

«የሚጠይቅህ ሰው ስለጠፋ።»

ነገራት። መግሪብ እስኪቃረብ ድረስ እንደ ቁርኣን ልጅ ደጋግማ አጠናችው። መዳም ጋ ስትመለስም ምንጣፍ እየጠረገች፣ ብርጭቆ እየደረደረች በልቧ ትቆጥረው ነበር።

ሦስተኛው ዓርብ ዶክተር ታምራት ጥናታቸውን አቀረቡ። ስልካቸውን ከፍ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተነሡ። «ታላቅ የለም» አሉ።  «ሆላንዱ፣ ጀርመኑ፣ ስዊድኑ፣ እንግሊዙም ጭምር፣ የአንዲት ጥንታዊ ቃል ልጆች ናቸው። ሕዝቦቹ ሳይበታተኑ በፊት በአንድነት የሚናገሯት ቃል ነበረች። የሷም እናት ደግሞ አለች፤ ሮማውያን አበባ የሚሉበትንም ቃል የወለደች። ትርጉሟ መፍካት ነው።»

«የት ተጽፋ አገኟት?» አሉ ጋሽ ፈይሰል።

«አልተጻፈችም። በዚያን ዘመን አይጽፉም።»

«ታዲያ ማን አያት?»

«ማንም። ሊቃውንቱ ከልጆቿ መልክ ተነሥተው፣ እንዲህ ሳትሆን አትቀርም ብለው ገመቷት። ለዚያም ነው ከፊቷ ኮከብ የሚያደርጉት።»

«ኮከቡ የክብር ነው?»

«አላየናትም ለማለት ነው።»

ጋሽ ፈይሰል እጃቸውን አጨበጨቡ። «እሰይ! ምስክር የሌላት አያት! ይቺን ነው በኔ ቤት የምታስገቡ?»

ይኼኔ ሐጂ ሸምሱ ሳያስቡት እውነት አመለጣቸው። «ኧረ ፈይሰል፣ እኛስ ብንሆን ከአምስተኛው ቤት በላይ ያለውን ማን አይቶታል? የኛም አያቶች እኮ ኮከብ አለባቸው» አሉ።

 ጋሽ ሰማው ሻያቸውን አስቀመጡ። እያንዳንዱ ሽማግሌ ዕድሜውን ሙሉ የተጣላባቸውን፣ የኮራባቸውን፣ ምናልባትም ለሰው ልጁን የከለከለባቸውን አያቶቹን በልቡ ሲያገላብጥ፣ ግንባራቸው ላይ ኮከብ ያየ መሰለ። ክብር ለዶክተር ታምራት ይሁንና፣ አደጋውን ወዲያው ተገነዘቡ። «የሐጂ አስተያየት ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ እንዳልተነገረ ይቆጠር» አሉ። ሁሉም በእፎይታ እጅ አወጣ። ሐጂ ሸምሱ ራሳቸውም አወጡ።

እትዬ ዘኪያ ግን ታግሳ ታግሳ መጋረጃውን ገለጠችው። «ኧረ በአላህ! ልጅቷ እኮ ከሳምንት በኋላ መሄዷ ነው! የሚቀጥለው ዓርብ የመጨረሻዋ ነው!»

«ሴትዮ፣ ምርምር በጥድፊያ አይሠራም» አሏት ባሏ።

«ምርምሩን ኋላ ብቻህን ትበላዋለህ፤ እራት የለህም!»

ይህ መከራከሪያ ከቀረቡት ሁሉ ጠንካራው ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓርብ ለአባትየው በኢሞ ተደውሎ የመጨረሻው ውሳኔ እንዲሰጥ ተወሰነ።

የመጨረሻው ዓርብ ደረሰ። የኢልሃም ሻንጣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ መዳም ቤት በር ላይ ቆሟል። አበባው ልዩ ፈቃድ ተሰጥቶት፣ በሳሙና ታጥቦ፣ ሳሎኑ መሐል ተቀመጠ። ስልኩም ተደወለ። ይመር ኔትዎርክ ፍለጋ ቤታቸው ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ወጥተው ነበር፤ ነፋሱ ያፏጫል፣ ከሩቅ ውሻ ይጮሃል። ኢልሃም የአባቷን ሳል ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ዶክተር ታምራት ተነሡ። ሰውየው በማያዩበት ስልክ ፊት ኮታቸውን ቆለፉ። «የተከበሩ አቶ ይመር! ላለፉት ዓርቦች ሌት ተቀን ደክመን፣ ወደ ቤትዎ በጋብቻ ሊገባ የመጣውን አበባ፣ የስሙን ሰባት ቤት ቆጥረን ጨርሰናል። ዘሩ ንጹሕ ነው። ከጀርመን ወገን ነው፤ በእናቱ በኩል ከሮማውያን ይዛመዳል። ወንድሞቹ ሆላንድና ስዊድን በክብር ይኖራሉ። ቅድመ አያቱ ባትታይም በሊቃውንት ተገምታለች። ስለዚህ ጉባኤው አበባው ወደ ቤት ይግባ ሲል ወስኗል!»

ጭብጨባ ሆነ። ጋሽ ሰማው ስዊድን በመጠቀሷ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሰማሁ» አሉ ይመር ከጉብታው ላይ። «ደክማችኋል። አላህ ይስጣችሁ። የልጁ አባት ማን ይባላል?»

«የአበባው?»

«የልጁ። ልጄን የሚያገባው።»

ዶክተር ታምራት ወደ ሸምሱ ዞሩ። ሸምሱ ወደ ሰማው ዞሩ። ሰማው ጉልበታቸውን ያዙ።

«የሰናኢያው ልጅ ነው እንግዲህ…» አሉ ሸምሱ።

«ሰናኢያ የሰው ስም ነው?»

«ኧረ የለም፣ ሻይ የሚያፈላው…» አሉ ሰማው።

«ይህ ጥያቄ» አሉ ዶክተር ታምራት ላባቸውን እየጠረጉ፣ «በዚህ ጉባኤ አጀንዳ አልተያዘም ነበር።»

  «የአበባ ቅድመ አያት አግኝታችሁ» አሉ ይመር፣ «የሰው አባት አጣችሁ? ኸይር። ነጋዴው የላካቸው ሽማግሌዎች እንኳ የልጃቸውን ስም ያውቃሉ። እኔም ቃሌን…»

መጋረጃው ተገለጠ። ሴት ልጅ ስለ ራሷ ጋብቻ ሽማግሌ ፊት ቆማ አትናገርም፤ ይህን ኢልሃም ከማንም በላይ ታውቃለች።  ግን ስልኩ ጋ ደርሳ ተንበረከከች።

«አባባ፣ እኔ ነኝ።»

«ኢልሃሜ?»

«ጀዋር እንድሪስ» አለች። «እንድሪስ ሙሄ። ሙሄ አራጋው። አራጋው ወልዴ። ወልዴ ጓንጉል። ጓንጉል አሊ። አሊ ሽበሽ። የቃሉ ወረዳ ሰው ነው። ከኛ ጋር አይገናኝም፤ ቆጥሬዋለሁ።»

ይመር እነዚያን ስሞች አንድ በአንድ በከንፈራቸው ሲደግሙ ይሰማል። አንዴ አቆሙ፣ ከዚያ ቀጠሉ።

«አይገናኝም» አሉ። «ምን ይሠራል?»

«የላስቲክ አበባ ይሠራል አባባ።»

«አይጠወልግም?»

«አይጠወልግም።»

«አንቺን ይወድሻል?»

ኢልሃም አለቀሰች። ዘኪያ ከኋላዋ እልል አለች። ይመር ሳቃቸውን አፍነው፣ «በቃ፣ ገባኝ» አሉ። «ለነጋዴው ልጄን ድሬያለሁ እለዋለሁ። ፈይሰል፣ ውክልናህን ለልጅቷ አስረክብ፤ ከመጡት ሽማግሌዎች ይልቅ ሽማግሌዋ እሷ ናት። በሉ ኔትዎርኩ ሊጠፋ ነው፣ እንመርቅ።» ምርቃቱ ከግማሽ በኋላ በነፋስ ተቆራረጠ፤ አሜኑ ግን ሙሉ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን የምናወራው ለታሪክ ብለን ነው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ ብሎ የጠበቀ ሰው ሽማግሌ አያውቅም። ጉሮሮ ተጠራረገ፣ ኮት ተስተካከለ፤ ደረጃውን እየወረዱ ዶክተር ታምራት የጥናቱ ውጤት ባይኖር ኖሮ ጋብቻው ሊፈርስ እንደነበረ አስረዱ፣ ሸምሱና ሰማውም ተስማሙ። ጋሽ ፈይሰል እንኳ ውክልናቸውን የተነጠቁበትን ኩርፊያ ረስተው ተከተሏቸው።

ከታች ቡፊያው ጋ ጀዋር ቆሟል። የላይኛውን እልልታ ሰምቶ እግሩ መሬት አልያዘለትም፤ ፊታቸውን በየተራ ያያል። ዶክተር ታምራት በዝግታ ቀርበው ትከሻው ላይ እጃቸውን ጫኑ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«በብዙ ድካም፣ በብዙ ምርምር» አሉ ሰው እንዲሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጅቷን አስገኝተንልሃል። ሥር መሠረትህን አጣርተን ነው የቆምንልህ። እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጄ ያሲን!»

«ጀዋር ነኝ፣ ዶክተር።»

ዶክተር ታምራት ወደ ሸምሱ ዞረው አዩ። ሸምሱ ወደ ሰማው። ሰማው ጉልበታቸውን ያዙ።

«ይጣራል» አሉ ዶክተር ታምራት።